ጥርስን የሚጠብቁት ባክቴሪያዎች ምን ይፈልጋሉ?

ጠዋት እንደነቁ ምላስዎን በላይኛው ጥርስዎ ላይ ቢያሳልፉ የሚያዳልጥ ስስ ነገር ያገኛሉ። ማታ ሲቦርሹ አልነበረም፤ ሲነጋ ተመልሶ ሰፍሯል። እኛ ቆሻሻ እንለዋለን፣ የጥርስ ሐኪሞች ፕላክ ይሉታል። ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ከምግብ ትራፊ ይልቅ ጥቅጥቅ ብለው የሰፈሩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው የሚታዩት። መጀመሪያ ያያቸው ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1683 ከገዛ ጥርሱ መካከል የፋቀውን ነጭ ነገር ራሱ በሠራው ሌንስ አይቶ፣ ውስጡ ጥቃቅን ፍጥረታት እንደሚርመሰመሱ ለንደን ለሚገኘው የሳይንስ ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ ጻፈ።

ዛሬ በሰው አፍ ውስጥ ከ700 በላይ የባክቴሪያ ዝርያዎች እንደሚኖሩ ይታወቃል፤ በአንድ ሰው አፍ የሚገኙት የዚህ ከፊሉ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ አይጎዱንም። ጥርስን ከመበስበስ፣ ድድን ከመቁሰል የሚጠብቁም አሉ። ችግሩ ጥርስን አስመልክቶ የሚሰጠን ምክር ሁሉ «ጀርም ግደል» የሚል መሆኑ ነው። ጀርሙን ሁሉ መግደል አይቻልም፤ በከፊል ቢሳካም መጀመሪያ የምንጎዳው ጠባቂዎቹን ነው።

ቀድመው የሚሰፍሩት

ጥርስ በተቦረሸ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከምራቅ የሚመጣ ስስ የፕሮቲን ሽፋን ይለብሳል። በሽፋኑ ላይ ቀድመው የሚያርፉት በአብዛኛው የስትሬፕቶኮከስ ወገኖች ናቸው፤ ሳንጉዊኒስ፣ ጎርዶኒ፣ ሚቲስና ኦራሊስ የሚባሉት። ስሞቹን መያዝ ግድ አይደለም። ዋናው ነገር ቀድሞ የሰፈረ ቦታውን መያዙ ነው። ጤነኛ አፍ ውስጥ እነዚህ ብዙ ስለሆኑ፣ ጥርስ አበስባሽ የሚባሉት የሚጣበቁበት ባዶ ቦታ እንደልብ አያገኙም።

ቦታ ከመያዝ ሌላም ሥራ አላቸው። ሳንጉዊኒስና ጎርዶኒ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ያመነጫሉ፤ ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ያው ኬሚካል ነው። መጠኑ እጅግ ትንሽ ቢሆንም አጠገባቸው ሊያድግ የሚሞክረውን ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ የተባለውን ዋናውን ጥርስ አበስባሽ ያዳክመዋል።

ሁለተኛው ሥራቸው አሲድን ማርከስ ነው፤ በእኛ ግምት ትልቁ ይኼ ነው። በምራቅና በምግብ ውስጥ አርጂኒን የሚባል የፕሮቲን ፍርካሽ አለ። ሳንጉዊኒስና ጎርዶኒ አርጂኒንን ሰብረው አሞኒያ ያወጣሉ፤ አሞኒያው በዙሪያቸው ያለውን አሲድ ያረክሳል። ምላስ ላይ በብዛት የሚኖረው ስትሬፕቶኮከስ ሳሊቫሪየስ ደግሞ በምራቅ ውስጥ ካለው ዩሪያ አሞኒያ ማውጣት ይችላል። ቬይሎኔላ የሚባለው ሌላ ዝርያ ስኳር መብላት አይችልም፤ የሚመገበው ሌሎቹ የሚያወጡትን ላክቲክ አሲድ ነው፤ ያንን ወስዶ ደካማ ወደሆኑ አሲዶች ይለውጠዋል።

አምስት ነጥብ አምስት

የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜል፣ በሰውነታችን ካለው ሁሉ የጠነከረ ነገር ነው። አንድ ደካማ ጎን ግን አለው፤ አሲድ ያሟሟዋል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ነው፤ 7 መካከለኛ፣ ከዚያ ሲወርድ አሲድ። ምራቅ በተለምዶ 7 አካባቢ ይውላል። በፕላኩ ውስጥ ያለው ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ከኢናሜሉ ካልሲየምና ፎስፌት እየሟሟ መውጣት ይጀምራል። ድድ ሲሸሽ የሚጋለጠው የጥርስ ሥር ደግሞ የበለጠ ስስ ነው፤ ከ6 በላይ ባለ ፒኤችም መሟሟት ይጀምራል። ዕድሜ ሲገፋ ጥርስ ከድድ ሥር የሚቦረቦረው ለዚህ ነው።

ስኳር አፍ እንደገባ በደቂቃዎች ውስጥ ፒኤቹ ይወርዳል። ወደ ቦታው ለመመለስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የሚመልሱት ምራቅና እነዚያ አሞኒያ አምራቾች ናቸው። ሙታንስ ከተራ ስኳር አሲድ ከማውጣቱም በላይ የሚጣበቅ ሙጫ ይሠራል፤ በሙጫው ውስጥ ተሸሽጎ ምራቅ እንዳይደርስበት ያደርጋል። አሲድ ውስጥም ተመችቶት ይኖራል። ሳንጉዊኒስ ግን አሲድ አይችልም።

እንግሊዛዊው የአፍ ባክቴሪያ ተመራማሪ ፊሊፕ ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስረዱት ይህንን ነው፤ የሚበሰብስ ጥርስ ከውጭ የመጣ ወራሪ ያጠቃው ጥርስ አይደለም። ሙታንስ በጤነኛ አፍም በጥቂቱ አለ። አፉ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ አሲድ ሲሆን አሲድ የማይችሉት ይመናመናሉ፣ የሚችሉት ይነግሣሉ። ስለዚህ በቀን ምን ያህል ስኳር በላሁ ከሚለው ይልቅ በቀን ስንት ጊዜ አፌን አሲድ አደረግሁት የሚለው ጥያቄ ይከብዳል።

ቡናን እንመልከት። አቦል በሦስት ሰዓት ተቀዳ እንበል፤ በስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር። ጨዋታው ደርቶ ስኒው ቀስ እያለ ይጠጣል። ቶና በሦስት ሰዓት ተኩል ይመጣል፣ እንደገና ስኳር። በረካ በአራት ሰዓት። እያንዳንዱ ፉት ሰዓቱን ከዜሮ ያስጀምረዋል። አቦሉ የጣለው ፒኤች ሊያገግም ሲል ቶና ይደርሳል፤ ቶናው ሳይበርድ በረካ። በረካው ካለቀ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይጨመር፤ ጥርሱ ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ አሲድ ውስጥ ቆየ ማለት ነው። ቡናው ከሰዓትና ማታም ከተደገመ ጠባቂዎቹ ባክቴሪያዎች ቀኑን ሙሉ ፋታ አያገኙም። ስኳሩ በአቦሉ ብቻ ቢሆንና ቶናና በረካ በጤና አዳም ወይም እንዲሁ ቢጠጡ፣ የአሲዱ ጊዜ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የቡና ቁርሱም ይታይ፤ ፈንዲሻ ስታርች ነው፣ ገለባው በጥርስና በድድ መካከል ተሰክቶ ይቀራል። ቆሎ ይሻላል፤ ማኘኩ ራሱ ምራቅ ያመጣል። ድንጋይ መለቀሙን ማረጋገጥ ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ የተሰነጠቀ ጥርስን የትኛውም ባክቴሪያ አይጠግነውም።

ለስላሳ መጠጥ ከዚህም ይከፋል። የኮላ መጠጦች ፒኤች 2.5 ገደማ ነው፤ ባክቴሪያው አሲድ እስኪሠራ መጠበቅ ሳያስፈልግ መጠጡ ራሱ ያሟሟል። ከጠጡ ጠርሙሱን ይዘው ሲጎነጩ ከመዋል ከምግብ ጋር አንዴ ጠጥቶ መጨረስ፣ ከዚያ በውሃ መጉመጥመጥ ይበጃል። ወዲያው መቦረሽ አይገባም፤ በአሲድ የላላውን ሽፋን ብሩሹ ይፍቀዋል። ግማሽ ሰዓት ይቆዩ።

ምራቅ ሲደርቅ

ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። ምራቅ አሲድ የሚያረክስ ባይካርቦኔት፣ የሟሟውን ጥርስ መልሶ የሚጠግን ካልሲየምና ፎስፌት፣ ለጠባቂዎቹም ምግብ የሚሆነውን አርጂኒንና ዩሪያ ይዟል። እንቅልፍ ሲወስደን ምንጩ ሊቆም ምንም አይቀረውም። ከቀኑ ሁሉ የማታው መቦረሽ የሚበልጠው ስለዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም ወደ አፍ መግባት የለበትም። ሕፃን ጣፋጭ ነገር በጡጦ ይዞ ሲተኛ የፊት ጥርሶቹ ተርታውን የሚበሰብሱትም በዚህ ምክንያት ነው።

ምራቅን የሚያደርቁ ብዙ ነገሮች አሉ፤ የአለርጂ መድኃኒት፣ አንዳንድ የደም ግፊትና የድብርት መድኃኒቶች፣ ያልተስተካከለ ስኳር በሽታ፣ በአፍ መተንፈስ። ጫት የሚቅም ሰው አፉ እየደረቀ በለስላሳና በስኳር ሻይ ሲያወራርድ ሁለቱንም ጉዳት በአንድ ላይ ያስተናግዳል። መድኃኒት አፍ ካደረቀ ራስ በራስ ማቆም ሳይሆን ለሐኪሙ መንገር ነው። እስከዚያው ውሃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት፣ ዛይሊቶል የሚባል የስኳር ምትክ ማጣፈጫ ያለበት ስኳር አልባ ማስቲካ ከምግብ በኋላ ማኘክ ይረዳል። ዛይሊቶልን ሙታንስ ወደ አሲድ መለወጥ አይችልም። በጥናቶች ውጤት የታየበት መጠን በቀን ከ5 እስከ 6 ግራም፣ በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ነው። ቤት ውስጥ ውሻ ካለ ማስቲካው እንዳይደርስበት ይጠንቀቁ፤ ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ነው።

ምላስ ላይ ያሉት ለደም ግፊትም ይሠራሉ

ቆስጣ፣ ሰላጣና ቀይ ስር ናይትሬት አላቸው። ስንበላቸው ናይትሬቱ ወደ ደም ይገባል፤ ሩብ ያህሉን የምራቅ ዕጢዎች ለቅመው ወደ አፍ ይመልሱታል። በምላስ ጀርባ ስንጥቆች ውስጥ የሚኖሩት ሮትያ፣ ናይሴሪያና ቬይሎኔላ ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ የሰው ሴሎች ብቻቸውን ይህን ሥራ በቅጡ አይሠሩትም። የዋጥነው ናይትራይት በሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል፤ እሱ የደም ሥሮችን ያላላል፣ ግፊትንም ያወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የለንደን ጥናት 19 ጤነኛ ሰዎችን ለ7 ቀን ክሎርሄክሲዲን በሚባል ጀርም ገዳይ የአፍ ማጠቢያ እንዲጉመጠመጡ አደረገ። የአፍ ባክቴሪያቸው ሲሞት የላይኛው የደም ግፊታቸው ከ2 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ አለ። ትንሽ ቁጥር ነው፣ ሰዎቹም ጥቂት ናቸው። ያም ሆኖ ያለ ምክንያት ባክቴሪያን መጨረስ ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

ክሎርሄክሲዲን ራሱ ጥሩ መድኃኒት ነው። ጥርስ ከተነቀለ ወይም ድድ ከተቀደደ በኋላ፣ መቦረሽ በማይቻልበት ጊዜ፣ ሐኪም ያዘዋል። ባለ 0.2 በመቶው አሥር ሚሊ ሊትር በቀን ሁለት ጊዜ ይጉመጠመጡታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት አያልፍም። ሲቆይ ጥርስንና ምላስን ቡናማ ያደርጋል፤ ቡናና ሻይ ሲታከልበት ይብሳል። ከተቦረሹ በኋላ ሳይቆዩ ወዲያው መጠቀምም አይጠቅምም፤ በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው አረፋ አውጪ ኬሚካል ያከሽፈዋል። ግማሽ ሰዓት ያራርቁት። ለየቀኑ አፍ ማደሻ ከሆነ ግን አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል፤ አሲዱን ያረክሳል፣ ጠባቂዎቹንም አያጠፋም።

ለጥርስ ሕመም አሞክሳሲሊን

በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ጥርስ ሲያም ፋርማሲ ሄዶ አሞክሳሲሊን መግዛት፣ ሕመሙ ጋብ ሲል ማቆም። የተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ ያለው ሥጋ ከሞተ በኋላ ደም አይደርሰውም፤ ደም ካልደረሰ መድኃኒቱም አይደርስም። መድኃኒቱ የሚደርሰው ጤነኛ ወደሆነው የአፍ ክፍል ነው። እዚያ ጠባቂዎቹን ያመናምናል፤ በእነሱ ተይዞ የነበረው ካንዲዳ የተባለ ፈንገስ ይስፋፋል፤ ምላስና ጉንጭ ላይ ሲፋቅ ቀልቶ የሚደማ ነጭ ነገር ይወጣል። ጥርሱ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ያማል። መፍትሔው ጥርሱን ከፍቶ ማጽዳትና መሙላት ወይም መንቀል ነው። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ ግን በዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው፤ ያኔ አንቲባዮቲኩም ያስፈልጋል።

ድድ ሲደማ

እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎይ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ዴንማርክ ውስጥ ጤነኛ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ቆጣ። መቦረሽ ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳነ። ፕላኩ ሳይነካ ሲቆይ ይወፍራል፣ ከውስጥ ያለው አየር ያጣል፣ አየር የማይወዱት ይበረክታሉ። ከእነሱ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባለው ከደም የሚገኝ ብረት ይወዳል። የቆጣ ድድ ይደማል፣ ደሙ ይመግበዋል፣ ድዱ ይበልጥ ይቆጣል።

ብዙ ሰው ድዱ ሲደማ እዚያ ቦታ መቦረሽ ይተዋል፤ ይህ ለፖርፊሮሞናስ የሚመች ነገር ነው። ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ወደ ድዱ 45 ዲግሪ ገደማ አዘንብለው፣ በትንሽ በትንሹ እያንቀጠቀጡ፣ በጠቅላላው ሁለት ደቂቃ ይቦርሹ። በጥርሶች መካከል በቀን አንዴ የጥርስ ክር ያሳልፉ። በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ መድማቱ ካልቀነሰ ከድዱ በታች ድንጋይ የሆነ ፕላክ አለ ማለት ሊሆን ይችላል፤ እሱን ብሩሽ አያነሳውም፣ ጥርስ ማሳጠብ ያስፈልጋል። «ማሳጠብ ጥርስን ያነቃንቃል» የሚለው ወሬ የመጣው ድንጋዩ ሲነሳ ተሸፍኖ የነበረው ክፍተትና መነቃነቅ ስለሚታወቅ ነው። አጥንቱን የበላው ከድንጋዩ ጋር የኖረው ፕላክ ነው።

መፋቂያም በአግባቡ ከተያዘ ፕላክ ያነሳል። የወይራ ወይም የክትክታ እርጥብ እንጨት ተመርጦ ጫፉ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይላጣል፣ እስኪበጠስ ድረስ ሳይሆን እንደ ብሩሽ እስኪፈታ ይታኘካል፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ አቅጣጫ ይፋቃል። ጫፉ ሲያረጅ ይቆረጣል። ስህተቱ ሁለት ቦታ ነው፤ ፊት ለፊት የሚታየውን ብቻ ፍቆ የውስጡንና የመንጋጋውን መተው፣ እና አግድም በኃይል መፈግፈግ። የኋለኛው ድዱን ያሸሸዋል። መፋቂያ ፍሎራይድ ስለሌለው ማታ የጥርስ ሳሙና ቢታከልበት ጥሩ ነው።

እርጎ፣ እንጀራና ከፋርማሲ የሚገዛው

እርሾ ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ ሞልቷል፤ እንጀራው ግን ምጣድ ላይ ሲበስል ይሞታሉ። እርጎ ውስጥ ያሉት በሕይወት ይደርሳሉ፤ ግን መኖሪያቸው ወተት ነው፣ አፍ ውስጥ አይሰፍሩም። ስኳር የሌለው እርጎ ለጥርስ ጥሩ የሆነው በዋናነት በካልሲየሙና በፕሮቲኑ ነው። በወይራ በታጠነ ዕቃ ቢረጋም ወተቱ አስቀድሞ መፍላት አለበት፤ ጥሬ ወተት ብሩሴላና የሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ይችላል። ፈልቶ ለብ ሲል ከቀደመው እርጎ ትንሽ ጠብ ማድረግ ይበቃል።

ለሆድ የሚመሰገን ሁሉ ለጥርስ አይሆንም። ላክቶባሲለስ የሚባሉት ብዙዎቹ አሲድ ሠሪዎች ናቸው፤ በጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ሲበረክቱ መበስበሱን ያፋጥናሉ። ስለዚህ ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ጠቃሚ የሚባል ሕያው ባክቴሪያ የያዘ እንክብል፣ ሲገዙ ዕቃው ላይ የዝርያው ስም ብቻ ሳይሆን የመለያ ቁጥሩም መጻፉን ይዩ። ለአፍ ተብለው በሰፊው ከተጠኑት አንዱ ሳሊቫሪየስ ኬ12 ነው። በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲው ጆን ታግ ከጤነኛ ልጅ አፍ ያገኙት ሲሆን፣ የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣውን ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ የሚከላከል ንጥረ ነገር ያወጣል። ይህ ጀርም በአገራችን ዛሬም ብዙ ልጆችን ለሩማቲክ የልብ ሕመም የሚዳርገው ስለሆነ ጉዳዩ እኛን ይመለከታል። ያም ሆኖ ኬ12 የፔኒሲሊን ምትክ አይደለም። ልጅ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲይዘው እንጥል ማስቆረጥም ሆነ ከረሜላ መሰል ፕሮባዮቲክ መስጠት የልቡን አደጋ አያስቀረውም፤ ሐኪም አይቶ ያዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው መውሰድ ነው የሚያስፈልገው።

እንክብሉን የሚጠቀም አዋቂ ማታ ከተቦረሸ በኋላ በመጨረሻ ይምጠጠው፤ ሳያኝክ፣ ውሃም ሳያስከትል። የተጨመረው ባክቴሪያ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ሕፃናት፣ የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመና ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያላቸው ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱት። በቀን ስድስት ጊዜ ስኳር የሚቀምስ ሰው ደግሞ ገንዘቡን አያባክን፤ የገዛው ባክቴሪያ የሚያርፈው አሲድ ውስጥ ነው።

የጥርስ ሳሙናው

ፍሎራይድ ኢናሜሉን ያጠነክራል፣ ሙታንስ አሲድ የሚሠራበትንም መንገድ ያዘገያል። ለአዋቂ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንቱ እንደሆነ የሚያሳይ መለኪያ) ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ይሁን፤ ቁጥሩ ቱቦው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከቦረሹ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ በውሃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ የቀረው ስስ ፍሎራይድ ሌሊቱን ይሠራል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ የአተር ፍሬ የሚያህል ይበቃል፤ የሚያስቦርሸውም ትልቅ ሰው ይሁን። በስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይ፣ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ፣ የጉድጓዱ ውሃ ራሱ ከልክ ያለፈ ፍሎራይድ ስላለው የልጆች ቋሚ ጥርስ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። እዚያ ሳሙናውን ከማሳነስና ልጁ እንዳይውጠው ከመጠበቅ በፊት የሚቀድመው የሚጠጣውን ውሃ መለወጥ ነው፤ የዝናብ ውሃ ወይም ፍሎራይዱ የተቀነሰለት ውሃ፣ በተለይ ልጁ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ ቋሚ ጥርሶቹ በድድ ውስጥ የሚሠሩት በዚያ ዕድሜ ስለሆነ።